አስራ ዘጠኝ ቀን በፔርሙዝ

እትዬ ጓንት ስሟን ያገኘችው ከሥራዋ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ አየር በማይገባበት የመስታወት ሣጥን ላይ በተሰኩት ረጃጅም ጓንቶች እጇን አስገብታ፣ ሜርኩሪን ከሌሎች ብረቶች ጋር ስታዋህድ ኖራለች። ሐሙስ ጠዋት አዲሷን ተማሪ ሥራ ልታሳያት አጠገቧ አስቀመጠቻት። የቤተ ሙከራው ኃላፊ የዶክተሩ ቢሮ በር እንደ ልማዱ ገርበብ ብሏል፤ እሱም ውስጥ ነው። እትዬ ጓንት በሩን ልዝጋው ብላ አላሰበችም።

«እንዴት አደርሽ ልጄ? መንገዱ አላስቸገረሽም? እስቲ አረፍ በይ... መጀመሪያ ግን ቀለበትሽን አውልቂ። ሜርኩሪ ወርቅ ካገኘ አይምርም፤ ውጦ ነጭ አድርጎት ቁጭ ነው። በሰው ወርቅ አይደምቁም የሚሉት እኮ ሜርኩሪን ስለማያውቁት ነው። እንዲያውም በሰው ወርቅ ደምቆ... መጽሔት ላይ የሚወጣም አለ።»

መጽሔቱ የደረሰው ማክሰኞ ነበር። በእጇ ያበቀለችው ክሪስታል ፎቶው ገጹን ሞልቶታል፤ ከላይ የተጻፈው ግን የዶክተሩ ስም ብቻ ነው። ሦስት ጊዜ አገላብጣ ስሟን ፈለገች፤ አጣችው። ድምጿ ግን እንግዳ እንደምታስተናግድ ሴት ለስላሳ ነው።

«ይኸውልሽ፣ ይህ ዘይት ውስጥ የተኛው የሶዲየምና የሜርኩሪ ውህድ ነው። ከዘይቱ ካወጣሽው አየር ያበላሸዋል። ስስ ነው... እንደ አንዳንድ ሰው ክብር። ውስጡን በኤክስሬይ ስታዪው፣ አራት አራት የሜርኩሪ አተሞች እጅ ለእጅ ተያይዘው አራት ማዕዘን ሠርተዋል። ሶዲየም ያላትን ኤሌክትሮን ሰጥታ ዙሪያቸውን ትቆማለች። እነሱን ያያያዛቸው የእሷ ስጦታ ነው። ታዲያ በኤክስሬዩ ጎልቶ የሚታየው ማን ይመስልሻል? ከባዱ ነዋ። ሰጪዋማ ጭል ጭል ብላ ነው የምትታየው። ከፋት ወይ ብትይኝ... ምን ይከፋታል? ተፈጥሮዋ ነው።

«እዚህ አንድ የማውቃቸው ሰው አሉ። ማን ናቸው እንዳትይኝ። እንዴት ያሉ ለሰው አሳቢ መሰሉሽ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? እሳቸው ግን ሸክሙ ለእናንተ ይበቃል ብለው ጌጡን ብቻቸውን ተሸከሙልን። ምስጋናም አልረሱ፤ ጽሑፋቸው መጨረሻ ላይ ‹ለሠራተኞች በሙሉ› ብለዋል። ዘበኛውም አለበት፣ አትክልተኛውም አለበት። እንዲህ አድልዎ የማያውቅ ሰው ከወዴት ይገኛል?»

ከወዲያኛው ክፍል ወንበር ሲጢጥ አለ። እትዬ ጓንት ማጉያ መነጽሩን ጠራርጋ ለተማሪዋ አቀበለቻት።

«ዕውቀታቸውስ ብትይ? ‹ክሪስታሉ በኤሌክትሪክ ምድጃችን ውስጥ ቀስ በቀስ ቀዘቀዘ› ብለው ጽፈዋል። ምድጃው ያውልሽ... ጃንጥላዬን ያስቀመጥኩበት። አዎ፣ እሱው ነው። ሽቦው ከተቃጠለ ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። እኔ ያልተማርኩት ሞቷል ብዬ ዕቃ ስደረድርበት፣ ለእሳቸው ሞቆላቸው፣ ቀዝቅዞላቸው... የተማረ ይግደለኝ ማለት ይኼኔ ነው።»

ክሪስታሉ የበቀለው ከቤቷ ባመጣችው ፔርሙዝ ውስጥ ነው። ውህዱ የታሸገበትን የመስታወት ቱቦ ለብ ባለ ውሃ ነክራ፣ ጠዋትና ማታ በቴርሞሜትር እየለካች፣ ትንሽ ትንሽ እያቀዘቀዘች አስራ ዘጠኝ ቀን ጠብቃዋለች። እሑዶቹን እንኳ አልቀረችም። ዶክተሩ በምን አቀዘቀዝሽው ብሎ አንድ ቀን አልጠየቃትም። ቢጠይቃት በደስታ ትነግረው ነበር።

«ሰኞ እንግዶች ይመጣሉ አሉ፤ ሰምተሻል? ከሦስት አገር። ክሪስታሉ የበቀለበትን አሠራር ቆመን በዓይናችን እንይ ብለው ነው። ሲሮጡ የታጠቁት... ተይው፣ እሳቸው እንኳ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ላግዛቸው አሰብኩና፣ ስሜ በሌለበት ምን ጥልቅ አደረገኝ ብዬ ተውኩት። ለሰኞ ፈቃድ ሞላሁ። የፈረሙልኝም እሳቸው ናቸው... እንደ ልማዳቸው ሳያነቡ።»

ከቢሮው ወረቀት በጥድፊያ ሲገላበጥ ተሰማ።

«በይ ጓንቱን አጥልቂ፣ እንጀምር። እኔ ለሰው ክፉ አልመኝም፤ ስትከርሚ ታውቂኛለሽ። ለእሳቸውም ጠዋት ማታ የምለምነው ይህንኑ ነው... እግዜር ብቻቸውን የጻፉትን፣ እንግዶቹ ዙሪያቸውን ቆመው እያዩ፣ በገዛ እጃቸው ብቻቸውን ያሳካላቸው። አሜን በይ እንጂ፣ ልጄ።»