የሙሽራዋ እንሶስላ

(ደብረ ታቦር። እሁድ የምትዳረው ትርሲት እጆቿ ቀልተውና አብጠው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ አክስቷ ወይንሸት ከፋርማሲ መጥታ ፊት ለፊቷ ቆማለች።)

ትርሲት፦ ኪኒን ለሰው ዓይን ምን ሊያደርግልኝ ነው? አልውጥም አልኩሽ እኮ።

ወይንሸት፦ ዋጪው እናቴ፣ ማሳከኩን ያበርድልሻል። ቅባቱን ደግሞ ስስ አድርጌ እቀባልሻለሁ። ብቻ አትከኪው፣ ቆዳው ከተላጠ ይመረቅዛል።

ትርሲት፦ ሎሚና ቅቤ ይዤ እመጣለሁ ብለሽ ወጥተሽ ፋርማሲ ምን ወሰደሽ?

ወይንሸት፦ ሎሚ ይብሱን ያቃጥላል። ጨርቅ በቀዝቃዛ ውኃ ነክራችሁ ጠቅልሉላት አለች የፋርማሲዋ ልጅ።

ትርሲት፦ ልጅቷ የኔን እጅ የት አይታው ነው?

ወይንሸት፦ ነገርኳታ።

ትርሲት፦ ምን ብለሽ? ሚዜዋ ስመኝ እንሶስላውን አይታ "ሲያምር" አለች፣ ከዓይን ያውጣሽ ሳትል ቀረች፣ በማግስቱ እጇ እሳት ሆነ ብለሽ?

ወይንሸት፦ ተይ ስመኝን። ምስኪን ልጅ ናት።

ትርሲት፦ ትናንት ከዚህ ቤት ሳባርራት እዚሁ ቆመሽ አልነበር? ያኔ ምነው ምስኪን ሳትያት?

ወይንሸት፦ አፌ ተያዘ።

ትርሲት፦ በምን?

ወይንሸት፦ ፊትሽን አላሳከከሽም አይደል? ከንፈሯ ካበጠ ወይ ትንፋሽ ካጠራት ሳትውሉ ሳታድሩ ሆስፒታል ውሰዷት ብላኛለች።

ትርሲት፦ አክስቴ፣ እስቲ ወደኔ እዪ። ምን ብላ ጠየቀችሽ?

ወይንሸት፦ እንሶስላው ውስጥ ሌላ ነገር ገብቶበታል ወይ አለችኝ።

ትርሲት፦ እሺ?

ወይንሸት፦ ደብዝዞ ወጣብኝ ልጄ። የወንድ ወገን መጥቶ እጅሽን ሲያይ "እንሶስላ እንኳ በወጉ ማሞቅ ያቃታቸው" እንዳይል ፈራሁ። ሽበቴን የምቀባው የፀጉር ቀለም ነበረኝ። እንዲጠቁር ብዬ ትንሽ ጨመርኩበት።

ትርሲት፦ የፀጉር ቀለም።

ወይንሸት፦ እኔን ምንም አድርጎኝ አያውቅም፤ ሌላውን ይጎዳል ብዬ በምን ልጠርጥር? ቆዳው የማይቀበለው ሰው አለ አለችኝ። አንቺ ሁለተኛ ፀጉርሽንም እንዳትቀቢው።

ትርሲት፦ ዛሬ ነው የገባሽ?

ወይንሸት፦ አይ። ትናንት ገና እጅሽን ሳየው ደነገጥኩ። ሌሊቱን ሳለቅስ ነው ያደርኩት።

ትርሲት፦ ታዲያ ስመኝን ቡዳ ስላት ዝም አልሽ?

ወይንሸት፦ ቤቱ ሰው ሞልቶ ነበር። የሟች እህቷን አደራ እንዲህ አደረገችው እባላለሁ ብዬ አፈርኩ። አሁን ግን እንጀራም አልወርድልሽ አለኝ።

ትርሲት፦ ስትወጣ አልቅሳለች። ዞራ አይታኝ ነበር፣ ፊቴን አዞርኩባት።

ወይንሸት፦ ነጠላዬን ልልበስና ሄጄ እግሯ ላይ እወድቃለሁ። ሁሉንም እነግራታለሁ። አንቺ ጋደም በይ። ሙሽራ ሠርጓ ሳይደርስ ደጅ ለደጅ ከታየች ነውር ነው፣ ያውም በዚህ እጅሽ።

ትርሲት፦ ቀለሙን የጨመርሽው አንቺ ነሽ። በሰው ፊት ቡዳ ያልኳት ግን እኔ ነኝ። ኪኒኑን ስጪኝና ከበሩ ላይ ዞር በይልኝ።