የእትዬ ዘሀራ መሐላ

እናንተዬ፣ ንዴቱ እስካሁን አልበረደልኝም። እሁድ እዚህ ከሚሴ ከተማ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከአዲስ አበባ የመጡ መምህር ጥያቄ ሲቀበሉ እጄን አወጣሁ። «በግርግሩ ጊዜ ታጣቂዎች ሊገድሉኝ ሲፈልጉኝ ሙስሊሟ ጎረቤቴ እትዬ ዘሀራ የማሽላ ጎታዋ ውስጥ ደብቃ ‹ወላሂ፣ ቤቴ ማንም የለም› ብላ ማለችልኝ። ኃጢአት ነው?» አልኳቸው። ትንሽ እንኳ አላሰቡም። «በሐሰት መማል ኃጢአት ነው። አንቺም ወጥተሽ ብትሞቺ የሰማዕት አክሊል ይጠብቅሽ ነበር።» ደሜ ፈላ! «ጡት የማጠባት ልጄም እቅፌ ውስጥ ነበረች! እሷንም ይዤ ልውጣላቸው?» ብዬ ጮህኩ። «ሌላ ጥያቄ ያለው?» አሉ።

ነጠላዬን እየጎተትኩ ወጥቼ በቀጥታ እትዬ ዘሀራ ዘንድ ሄድኩ። ደጃፏ ላይ ማሽላ ታበጥራለች። ስነግራት እንደኔ ትቆጣለች ብዬ ነበር። «ውነታቸውን ነው» አለችኝ፤ «በአላህ ስም ዋሽቶ መማል ወንጀል ነው። ያኔ ለማካካሻው ሦስት ቀን ጾሜበታለሁ።» ይኼን ሁሉ ጊዜ አንድ ቀን እንኳ አልነገረችኝም! ይብስ ነደደኝ። እኔን አትርፋ ወንጀሉን ብቻዋን የጾመችው እሷ፣ አክሊል አዳዩ ግን እሳቸው! «አብሽሪ ልጄ፣ አይዞሽ» አለች ሰፌዱን ሳታስቀምጥ፤ «ነገም ቢመጡብሽ እምላለሁ። ከዚያ እጾማለሁ።»