ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለው ኮረብታ

— ሄሎ... አቤት አጎቴ ሃርመን፣ እኔው ነኝ። እንኳን ደወሉ፣ ልደውልልዎ ነበር። ይስሙኝ። ማዘጋጃ ቤቱ ያደለው ወረቀት፣ «የሙዚየሙ ባለሙያ እንዳረጋገጡት በጥንቱ የመንደራችን ሥዕል ላይ ያለው መስክ ድሮ ውሃ ነበር፤ ስለዚህ ለወፎቹ መልሰን ውሃ እንልቀቅበት» ይላል። የዛሬው ጋዜጣ ደግሞ ከፎቶግራፍዎ ጋር፣ «ሙዚየም የሚሠራው የእህቴ ልጅ፣ መስኩ ያኔም ደረቅ ሣር እንደነበር ሥዕሉ ይመሰክራል ብሎኛል» ይላል። ባለሙያውም እኔ፣ የእህትዎ ልጅም እኔ! አንዱንም አላልኩም!

— ምን?... እራት ላይ? እራት ላይ ያልኩት «ሥዕሉ ደስ ይላል» ብቻ ነው። ከዚያ ተነስተው እዚህ ደረሱ?

— አውቃለሁ... አውቃለሁ አጎቴ። ውሃ ከለቀቁበት ላሞቹ መግቢያ የላቸውም። እኔም እኮ እዚያው መስክ ላይ ድርቆሽ ስገለብጥ ነው ያደግኩት።

— ሄሎ? ይሰሙኛል?... ትራክተሩን ያጥፉት እስቲ!

— እሺ። ሥዕሉ አሁን ፊቴ ነው። ልጠይቅዎ፦ ከቤተ ክርስቲያናችን ጀርባ ምን አለ?... አዎ፣ የጎረቤታችን የቴውን ጎተራ። ከዚያስ?... ምንም፣ ሰማይ ብቻ! እዚህ ሥዕል ላይ ግን ኮረብታ አለ። ዛፍ የበቀለበት ኮረብታ! እኛ ዘንድ ከጎርፍ መከላከያው ግድብ የሚበልጥ ከፍታ አይተው ያውቃሉ?

— ሠዓሊውማ ሃርለም ከተማ፣ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ ነዋ የሳለው! ደወል ማማውን ከእኛ ወሰደ፣ ኮረብታውን ከጀርመን አመጣ፣ ውሃውን ሰማዩ እንዲታይበት ጨመረ። ላሟንም... ምን? የአያቴን ላም ትመስላለች? በእግዜር፣ አጎቴ! ያኔ እንኳን ላሟ፣ የአያቴ አያትም አልተወለዱም!

— አንድ ጊዜ... ያንቲኔ፣ ቆዪ፣ ሳጥኑ ውስጥ አታስገቢው። — የሥራ ባልደረባዬ ናት። ማዘጋጃ ቤቱ ለማታው ስብሰባ ሥዕሉ መድረክ ላይ ይቀመጥልን ስላለ ልታሽገው ነው።

— ኧረ ለእነሱም አልመሰክርም! እነሱማ ይብሳሉ፤ ሥዕል ካርታ እንዳልሆነ የሚያውቁ የተማሩ ሰዎች ናቸው። ሰው አይቶ ልቡ እንዲያርፍ የተሳለ ነገር፣ ሁለታችሁም እጁን ይዛችሁ ለምስክርነት ጎተታችሁት!

— ዝም ልበል?... ዝም ካልኩማ ሁለቱም ውሸት የእኔ ሆኖ ይቀራል።... ጠላትዎ አይደለሁም። በሥዕል ከተከራከሩ እኮ ይሸነፋሉ፤ ኮረብታውን ያየ አንድ ሰው ይበቃል። ስለ ላሞችዎ ይናገሩ። ያ መስክ ከእጅዎ ሲወጣ የእርስዎ ቤት ምን እንደሚሆን ይናገሩ።

— ደጄን አትርገጥ?... አጎቴ... አጎቴ ሃርመን?... ሄሎ?

— ጆሮዬ ላይ ዘጉት።... ያንቲኔ፣ ሥዕሉን መልሰሽ ስቀዪው፤ የትም አይሄድም። ማታ የምሄደው እኔ ነኝ። ለሁለቱም ወገን አላልኩም እላለሁ፤ ከዚያ ሄጄ አጎቴ አጠገብ እቀመጣለሁ፣ ቢገፈትሩኝም።