መስመር የለቀቀው ጽሑፍ

ከሂርና በተነሳው አውቶቡስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጠች ወጣት አጠገቧ ወዳሉት ሽማግሌ ዞር አለች።

«መምህር፣ አላወቁኝም አይደል? አሰበ ተፈሪ ቲያትር ሲያሠሩን ሙሽራዋ እኔ ነበርኩ።»

«ፋጡማ! ያቺ ዓይን አፋሯ?»

«ወላሂ፣ እኔው ነኝ። አሁን መሰላ አስተምራለሁ።»

«አባትሽ ደህና ናቸው? ያኔ ሊደበድቡኝ መጥተው ነበር እኮ።»

«መድረኩ ላይ ‹አባ፣ አትዳረኝ፣ ልማር› ያልኩትን እርስዎ ያስጠኑኝ መስሏቸው ነዋ!»

«እኔ ምን አስጠናለሁ? የየድርሻችሁን በገዛ እጃችሁ ነበር የምትጽፉት። የቲያትሩን ደብተር አውጥቼ አሳየኋቸው።»

«ማንበብ አይችሉም። ግን ደብዳቤያቸውን ሁሉ የምጽፍላቸው እኔ ስለሆንኩ፣ መስመር ለቆ ሽቅብ የሚወጣውን ጽሑፌን ያውቁታል። ቤት ገብተው ‹ተማሪ› አሉኝ፤ ጥሎሹንም መለሱ።»

«ደብተሩ ዛሬም ቤቴ አለ። አንድ ፊደል አላረምኩበትም።»

«አላህ ጀዛዎን ይክፈልዎት፣ መምህር።»

«ምስጋናውስ ለአባትሽ ነው፤ ሰሙሽ።»

ሰባተኛ ክፍል የደረሰችው ልጄ ኒካህ የሚታሰርበትን ቀን ልቆርጥ ወደ ሚኤሶ እየሄድኩ ነበር፤ አሰበ ተፈሪ ላይ ወረድኩና ወደ ሂርና የሚመለስ መኪና መጠበቅ ጀመርኩ።