ግማሹ ከአባት ነው

ከቱላ ወደ መሃል ከተማ ስንሄድ፣ ታክሲው ውስጥ ከኋላዬ የተቀመጡ እናት አጠገባቸው ላለችው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ምራታቸውን ያማሉ።

«ወጤ ሲሸታት አፏን ይዛ ትሮጣለች። ቅምጥል! ነገ እናቷ ቤት እሰዳታለሁ።»

«እማማ፣ ነፍሰ ጡር ናት አይደል? እኔ የማጠናው ይህንኑ ነው። እንግዴ ልጁ ሆርሞን ያመነጫል፤ ማቅለሽለሹም ከሱ ጋር ይያያዛል።»

«እንግዴ ልጁን ደግሞ አመንጭ ያለው ማነው?»

«ውስጡ ያሉት ጂኖች ናቸው የሚያዙት። ግማሾቹ ከእናት፣ ግማሾቹ ከአባት የመጡ ናቸው።»

«ከአባት? ከልጄ?»

«ከልጅዎ።»

«እሱ ሁለት ሳህን በልቶ እያንኮራፋ፣ እሷን ያስመልሳታል?»

«እንደዚያም ይበሉት።»

«እንግዲያው ከቤቴ የሚወጣው እሱ ነው! ወራጅ አለ፣ ሎሚ ልግዛላት።»

ስድስት ጊዜ አርግዛ ስድስቱንም ጊዜ ቅምጥል ያልኳትን ባለቤቴን አስቤ፣ ባርኔጣዬን እስከ ዓይኔ ድረስ ሳብ አደረግሁት።