አስፋልቱ ላይ የተተከለው ድንኳን

(ጠጠር ማዞሪያ ሰፈር፣ ከቀብር መልስ፤ አዲስ አስፋልት በለበሰው መንገድ መሃል የዕድሩ ድንኳን እየተተከለ ነው። ወይዘሮ የሺመቤት የዕድሩ ምክትል ዳኛ ናቸው፤ ደምሰው የሰፈሩ ልጅ፣ አሁን የወረዳው የመንገድና ትራንስፖርት ኃላፊ።)

ደምሰው፦ እትዬ የሺ፣ በማርያም! ሦስተኛውን ብረት አያስተክሉብኝ።

የሺመቤት፦ ማርያምን ለዚህ አትጥራት። ካልያዝክልን ዞር በል፣ ሸራው ሊዘረጋ ነው።

ደምሰው፦ ልጆቹ አንዴ አረፍ ይበሉና እንነጋገር።

የሺመቤት፦ ለቀስተኛው ፀሐይ ላይ ቆሞ ልጆቹ አረፍ ይበሉ? ወይ ጉድ! እሺ፣ ተናገር። ቆሜ እሰማሃለሁ።

ደምሰው፦ ነገ ጠዋት አውቶቡሱ በዚህ መንገድ ይገባል። የመጀመሪያ ቀኑ ነው። ከከተማው አስተዳደር ሰዎች ይመጣሉ፣ ቴሌቪዥን ይመጣል። ያቺ ሞንታርቦ የጫነች መኪና ሳምንቱን ሙሉ ስትለፍፍ አልሰሙም?

የሺመቤት፦ እንዴት አልሰማም፣ ጆሮዬን አይደል ያደነቆረችው! «ውድ ነዋሪዎች፣ መኪናችሁን መንገድ ዳር አታቁሙ፣ ማቆሚያ ገበያ ሜዳ ተዘጋጅቶላችኋል፣ አውቶቡስ ሊመጣላችሁ ነው» ስትል ከረመች። «በዚህ ሳምንት እንዳትሞቱ» ስትል ግን አልሰማኋትም።

ደምሰው፦ ኧረ እንደሱ አይበሉ። ለጋሽ አስፋቸው የማላዝን ይመስልዎታል? ቀብር ላይ አላዩኝም?

የሺመቤት፦ አይቼሃለሁ። ስልክህን እየነካካህ ነበር።

ደምሰው፦ ስለ ነገው እየደወሉ ነዋ! ምን ላድርግ? እኔ ድንኳን አይተከል አላልኩም። እዚህ አይተከል ነው ያልኩት። የወረዳውን አዳራሽ አስከፍቼላችኋለሁ። ወንበር አለ፣ ውሃ አለ፣ መጸዳጃ አለ። ዝናብ ቢመጣ እንኳ ጣሪያ አለ።

የሺመቤት፦ ብዙነሽስ?

ደምሰው፦ እሳቸውም እዚያ ይሁኑ።

የሺመቤት፦ ባሏን ዛሬ የቀበረች ሴት ቤቷን ዘግታ የቢሮ አዳራሽ ትቀመጥ? ስብሰባ መሰለህ እንዴ? ለቀስተኛ የሟች ደጅ ነው የሚመጣው። ቤቷን ደግሞ ታውቀዋለህ፣ የቀበሌ ቤት ናት፣ አልጋና ሁለት ወንበር ገብቶ ሰው አይዞርባትም። ግቢ የላት፣ በረንዳ የላት። ደጇ ይሄ መንገድ ነው።

ደምሰው፦ ነበር። አሁን የአውቶቡስ መንገድ ሆነ።

የሺመቤት፦ እንዴ! የአባትህ ለቅሶ የት ነበር? እስቲ ንገረኝ። እዚሁ አልነበረም? አስፋቸው አይደለም ያንን መሃለኛ ብረት የተከለው?

ደምሰው፦ ያኔ ጭቃ ነበር፣ እትዬ የሺ። መኪና ዝር አይልም ነበር።

የሺመቤት፦ ጭቃው ይሻለን ነበር በለኛ።

ደምሰው፦ አልልም! እርስዎም አይሉም። ጉልበትዎን ይዘው ያንን ዳገት ሲወጡ እኔ አላየሁም? ታክሲው ታች አስፋልት ላይ አውርዷችሁ፣ ምጥ የያዛት ሴት በሰው ትከሻ ስትወርድ አላየሁም? ይሄንን መንገድ ለማስገባት ያልረገጥኩት ቢሮ የለም።

የሺመቤት፦ ሰፈሩም እኮ ከፍሏል። ዕድሩ ከሣጥኑ አውጥቶ ሰጥቷል። ስጡ ብዬ ስብሰባ ላይ የለመንኩት እኔ ነኝ።

ደምሰው፦ ለዚያ እኮ ነው የምለምንዎት! የሠራነው ግማሹን ነው። ከወፍጮ ቤቱ እስከ ጤና ጣቢያው ያለው ገና ኮረኮንች ነው። በጀቱ የሚፈቀደው የነገውን አይተው ነው። «መንገድ ሰጠናቸው፣ ድንኳን ተከሉበት» ከተባለ ገንዘቡ ለሌላ ሰፈር ይዞራል። የሚሻሙት ሞልተዋል።

የሺመቤት፦ ሦስት ቀን ቢቆይላቸው ምን ይሆናሉ? አውቶቡሱ ታች እየቆመ ሰው ያውርድ። ድንኳኑ ሲነሳ ይግባ።

ደምሰው፦ አይሆንም።

የሺመቤት፦ ጠይቀሃቸዋል?

ደምሰው፦ ምን ብዬ ልጠይቅ? ሰው ሞተብን ብዬ?

የሺመቤት፦ አዎ! ሰው ሞተብን ብለህ። ምን ነውር አለው? እነሱ ጋ ሰው አይሞትም?

ደምሰው፦ እርስዎ ሰዎቹን አያውቋቸውም። እኔ ደግሞ በዚህ መንገድ ምክንያት ጠላት ያላፈራሁበት በር የለም። ባለታክሲዎቹ ተራችንን አዛወርክብን ብለው ሰላም አይሉኝም። መኪና ያላቸው የሰፈሩ ሰዎች በራችን ላይ አታቁሙ እንዴት እንባላለን ብለው ዘመድ አዝማድ ይልኩብኛል። የገዛ አጎቴ ለኔ ብቻ ፍቀድልኝ ብሎ አኩርፎኛል።

የሺመቤት፦ ለአጎትህም እምቢ አልክ?

ደምሰው፦ እምቢ አልኩ! ለአንዱ ከፈቀድኩ ማንን ልከለክል ነው? በዚያ ላይ መስመሩ ተቀብቶ ቀለሙ ሳይደርቅ ሊያቆሙበት ይመጣሉ። በሁለቱም ጫፍ ሰንሰለት አሳሰርኩ፣ ዘበኛ አቆምኩ። ዘበኛው ምን ያደርጋል መሰለዎት? የሻይ እየተቀበለ ይከፍትላቸዋል። ትናንት ማታ ነቃሁበት።

የሺመቤት፦ ከዚያስ?

ደምሰው፦ ከዚያማ ራሴ ቆለፍኩት። ሁለቱንም ቁልፍ ኪሴ ከትቼ ቤቴ ገባሁ። ስልኬንም አጠፋሁት፣ ክፈትልኝ እያለ የሚደውለው ሰው ብዛቱ! ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰደኝ። ጠዋት ስከፍተው መንገዱ ጥርግ ብሎ፣ አንዲት መኪና ሳትኖርበት፣ ቀለሙ ሳይነካ... ምነው እትዬ የሺ? ምን ሆኑ?

የሺመቤት፦ ምንም አልሆንኩ።

ደምሰው፦ ፊትዎ ተለዋወጠ እኮ። ይቀመጡ፣ ወንበር ላምጣልዎት።

የሺመቤት፦ ተው፣ አልፈልግም። ወደዚህ ጠጋ በል። ልጆቹ እንዳይሰሙ።

ደምሰው፦ ምንድን ነው?

የሺመቤት፦ ቀኑ ሳያልፍ ለብቻህ ልነግርህ ነበር። እንዲህ መንገድ ላይ ቆመን ባይሆን ደስ ባለኝ። አስፋቸው ጎህ ሳይቀድ ሲታመም አምቡላንስ ተጠርቶ ነበር።

ደምሰው፦ አውቃለሁ። መንገድ ላይ ተበላሽቶ ቀረ አይደል? ወንድይፍራው ነገረኝ። የአባቴ ነገር በአንድ ጎማ ቀረ እያለ ሲያለቅስ ነበር።

የሺመቤት፦ አልተበላሸም።

ደምሰው፦ እንዴት?

የሺመቤት፦ መጥቷል። ወንድይፍራው አባቱን ደግፎ ስለያዘ፣ እኔ ነኝ ልቀበለው የወረድኩት። ሰንሰለቱ ጋ ቆሟል። ዘበኛው «ቁልፉ ኃላፊው ጋ ነው» እያለ ይንቀጠቀጣል። በድንጋይ ቀጠቀጥነው። ሾፌሩም ወርዶ ቀጠቀጠ፣ ብቻውን ነበር፣ ረዳት እንኳ የለው። ሰንሰለቱ እምቢ አለ። በላይኛው በኩል ልዙር ብሎ ሄደ።

ደምሰው፦ ላይኛውም...

የሺመቤት፦ ላይኛውም ዝግ ነዋ። አንተ ነህ አሁን የነገርከኝ።

ደምሰው፦ ኧረ እትዬ የሺ! ምነው ታዲያ ሰው አልላኩብኝም? ምነው አልደወሉልኝም?

የሺመቤት፦ ደወልኩ።

ደምሰው፦ ስልኬን አጥፍቼው...

የሺመቤት፦ ደጋግሜ ደወልኩ። ቤትህ ደግሞ ወንዝ ማዶ ነው፣ በዚህ ጉልበቴ የት ልድረስ? በሸክም እናውርደው ብዬ ዳገቱን እየተጎተትኩ ቤት ስደርስ፣ የብዙነሽ ጩኸት ተቀበለኝ።

ደምሰው፦ ወይኔ! ወይኔ ደምሰው!

የሺመቤት፦ ድምፅህን ቀንስ። ወንድይፍራው ወዲያ ማዶ ቆሟል።

ደምሰው፦ ሐኪም ቤት ቢደርሱ ኖሮ... ይተርፉ ነበር?

የሺመቤት፦ እኔ ሐኪም ነኝ? ስወርድ ይተነፍስ ነበር። የማውቀው ይሄንን ነው።

ደምሰው፦ ተበላሽቶ ቀረ ያላቸው ታዲያ ማነው?

የሺመቤት፦ እኔ ነኝ። ልጁ በር ላይ አንቆ ይዞ «የታለ አምቡላንሱ?» ሲለኝ ምን ልበለው? ደምሰው ቆልፎበት ልበለው? የአባቱ ሬሳ ሳይገነዝ አንተ ቤት ይሄድ ነበር። ጠባዩን ታውቀዋለህ። በአንድ ቀን ሁለት ለቅሶ ፈራሁ፣ ከአፌ የወጣው እሱ ሆነ። ከዚያ ወዲህ እህል በአፌ አልዞረም።

ደምሰው፦ ሆን ብዬ አይደለም። እግዜር ያውቃል። ለመንገዱ ብዬ እንጂ...

የሺመቤት፦ አውቃለሁ። ሆን ብለህ ነው ያለህ የለም። ግድ የለሽ ብትሆንማ ቁልፉን ትተህ ትሄድ ነበር! ሻይ የሚቀበለው ዘበኛ ከፍቶ ባሳለፈው ነበር፣ እሱ እኮ ነው የሚያቃጥለኝ።

ደምሰው፦ ሌላ ማን ያውቃል?

የሺመቤት፦ ምን አልከኝ?

ደምሰው፦ ማለቴ... ዘበኛው አወራ?

የሺመቤት፦ ዘበኛው ፈርቶ ዛሬ ከቤቱ አልወጣም። ሾፌሩም የሰፈራችን ሰው አይደለም።

ደምሰው፦ እንግዲያው እርስዎ ብቻ ነዎት።

የሺመቤት፦ እኔ ብቻ ነኝ።

ደምሰው፦ እትዬ የሺ፣ ድንኳኑን ይትከሉ።

የሺመቤት፦ እ?

ደምሰው፦ ይትከሉት። ሦስተኛውንም ብረት፣ አራተኛውንም። ሦስቱንም ቀን ይቆይ፣ ከፈለጋችሁ ሳምንት ይቆይ። አሁን ደውዬ ከመንገዱ ሥር ቧንቧ ፈንድቷል፣ አውቶቡሱ ለጊዜው አይገባም እላለሁ። አምነውኝ ያራዝሙታል።

የሺመቤት፦ ቅድም አይሆንም ያልከው?

ደምሰው፦ አሁን ይሆናል። አደርገዋለሁ።

የሺመቤት፦ በጀቱስ? ወፍጮ ቤቱስ? ጤና ጣቢያውስ?

ደምሰው፦ እሱን ለኔ ይተዉት። ብቻ...

የሺመቤት፦ ብቻ ምን?

ደምሰው፦ ወንድይፍራው አይወቅ። አደራ። ያሉትን ብለዋል፣ እሱው ይቅር። ሰውየውን የሚመልሳቸው ነገር የለም። ሚስቴ ልትወልድ ነው፣ በእርስዎ እጅ ያደግሁ ልጅ ነኝ፣ እዚህ ሰፈር በየትኛው ዓይኔ እመላለሳለሁ? ድንኳኑን እኔ አለሁበት፣ እርስዎ ደግሞ ይቺን ይያዙልኝ።

የሺመቤት፦ ድንኳኑን አንተ፣ አፌን እኔ።

ደምሰው፦ እንደሱ አይተርጉሙብኝ!

የሺመቤት፦ እንዴት ልተርጉመው? ጠዋት የዋሸሁት ደንግጬ ነው፣ ለማንም ብዬ አይደለም። ልቤ የነበረው ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ስነግርህ ቀጥ ብለህ ልጁ ጋ የምትሄድ መስሎኝ ነበር። እኔም ከጎንህ ቆሜ እጁን ልይዝልህ። ይሄንን ነበር ቀኑን ሙሉ የማስበው፣ እኔ ሞኟ!

ደምሰው፦ እሄዳለሁ... ግን ዛሬ አይሆንም። ሐዘኑ ይብረድለት።

የሺመቤት፦ ሐዘኑ አይደለም፣ አንተ እስክትበርድ ነው። ልጆች! ልጆች፣ ወዲህ ኑ! ያንን ገመድ ፍቱት።

ደምሰው፦ ምን እያደረጉ ነው?

የሺመቤት፦ ብረቱንም ንቀሉት። ሸራውን አጥፋችሁ ወደ ወረዳው አዳራሽ ውሰዱት። አግዳሚዎቹንም። ለቅሶው እዚያ ነው በሉ።

ደምሰው፦ እትዬ የሺ! ፈቀድኩ እኮ! ይቁም አልኩ እኮ!

የሺመቤት፦ ሰምቼሃለሁ። አንተ በገዛህልኝ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ የዚያን ልጅ ዓይን ማየት አልችልም። ነገ አውቶቡስህ በሰላም ይለፍ፣ ሰፈሩ መንገዱን ይፈልገዋል። ብዙነሽን እኔ ደግፌ አወርዳታለሁ። ትረግመኛለች፣ ትርገመኝ።

ደምሰው፦ ከዚያስ?

የሺመቤት፦ ከዚያማ ወንድይፍራውን ለብቻው እጠራዋለሁ። ከፈለግህ ቅደመኝ።