ባለ ሁለቱ ወይስ ባለ ስምንቱ

ከነጌሌ ወደ ያቤሎ በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከፊቴ አንድ ላፕቶፕ የታቀፈ ወጣትና አንድ ሽማግሌ ያወራሉ።

«ዱብሉቅ ሄጄ፣ ውሃ ሲቀዳ ጉድጓዱ ላይ የሚዘፈነውን ልቀርጽ ነው፣ አባባ። ያቤሎ ላይ ማይኮቹን ከላፕቶፑ ጋር የሚያገናኝ ሳውንድ ካርድ እገዛለሁ። ባለ ሁለት ማይክ ይሻላል ባለ ስምንት?»

«እዚያ እየዘፈንን ባልዲ የምንቀባበለው ስምንት ሆነን ነው። ስድስታችን ዝም እንበል?»

«ባለ ስምንቱ ሶኬት ይፈልጋል። ትንሹ ግን በላፕቶፑ ባትሪ ይሠራል።»

«እንግዲያ ትንሹን ግዛ። የት ልታሰማው ነው?»

«ነጌሌ ገበያ፣ በትልቅ ስፒከር።»

«ዘፈኑ እኮ ለከብት ነው። የገበያው ከብቶች ሲሰሙት ውሃ ተዘጋጀ ብለው ይመጣሉ።»

«እና ምን ላድርግ?»

«መጀመሪያ ገንዳ ሙላ።»

እኔም የተረፈችኝን ግማሽ ጠርሙስ ውሃ፣ ከብት እንዳያያት ይመስል፣ ቀስ ብዬ ወደ ቦርሳዬ መለስኳት።